የቮልሷ የኋላ መቀመጫ

ቤታችን የገባ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በመኪና መቀመጫ ላይ ነው። ቡናማ ቆዳ የለበሰ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጁ ብቅ ያለ፣ ከግድግዳ የተጠጋ። እግር ስለሌለው ከሥሩ ጡብ ደርድረንለታል። ሲቀመጡበት ሽቦው ሲጥ ይላል። የማያውቅ ሰው "ሶፋ አጥታችሁ ነው?" ብሎ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የባለቤቴ ቮልስ የኋላ መቀመጫ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናዋን ሲገዛ ልጃችን ገና አልተወለደም ነበር። ቮልስን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ከመቀመጫው ጀርባ ደግሞ ዕቃ የሚቀመጥባት ጎድጓዳ ቦታ አለች። ልጃችን ሕፃን ሳለ እዚያች ውስጥ ካልተኛሁ ብሎ ያለቅስ ነበር። ጆሮውን ከብረቱ ለጥፎ፣ ሞተሩ እየነዘረው፣ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ ዘመድ ጠይቀን ስንመለስ መንገዱ ቢያንገጫግጨው፣ ጥሩንባው ቢጮህ አይነቃም። የሚነቃው አባቱ ሞተሩን ሲያጠፋ ነው። ድምፁ ሲቆም ዓይኑን ይገልጥና ያለቅሳል። ሌላው ልጅ በእሹሩሩ ያድጋል፤ የእሱ እሹሩሩ ያ ነበር።

የድሮው ሰፈራችን ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ስንገባ ቮልሷም አብራን መጣች። ባለቤቴ ሲሞት ለልጄ ቀረች። ሚስቱን ያመጣትም በእሷ ነው። አባቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዘመናዊ መኪና እንከራይ ሲባል እምቢ ያለችው ራሷ ሙሽራይቱ ናት። አበባ ለጥፈንባት ሄድን። ቬሎዋ ከኋላ ወንበሩን ሞልቶ ተርፎ፣ ምራቴ ከላይ አንገቷ ብቻ ይታይ ነበር። እየሳቀች ነው የመጣችው።

ልጄ አይጠጣም። ጫት አይቅምም። የመለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ማታ ዘግቶ ቤቱ ይገባል። እሑድ እሑድ ብቻ ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ በመኪና መሽቀዳደም ጀመሩ። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጎረምሳ መቼም አንድ ነገር ሳይወድ አይኖርም። ምራቴ ስትከፋ ጎረቤቱ ሁሉ ምን አላት መሰላችሁ? አንቺማ ታድለሻል፣ የሚጠጣ ባል ያላት ምን ትበል አላት። የሰካራም ሚስት ስታለቅስ ሰፈሩ ይሰበሰብላታል። የማይጠጣ ባል ያላትን ግን ማን ይሰማታል?

አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ። ነጠላዬን ከአቧራው እየጠበቅሁ ዳር ቆምኩ። መኪኖቹ እየጮኹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ከተነሱበት ቦታ መጥተው ይቆማሉ። ስንመለስ "ልጄ፣ እንዲያው የት ልትደርሱ ነው የምትቸኩሉት?" ብለው ሳቀብኝ። ፊቱ በአቧራ ተለውሶ ጥርሱ ብቻ ነጭ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

መኪናዋ ግን እያየናት መራቆት ጀመረች። መጀመሪያ ሬዲዮኗ ወጣ፤ ቀጥሎ ምንጣፏ፣ የበሮቿ የውስጥ ልባስ፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር። ለምን ሲባል ክብደት ነው ይላል፤ ክብደት ሲቀነስ ትፈጥናለች። በመጨረሻ የኋላውን መቀመጫ ተሸክሞ ገባና "እማዬ፣ ይኸው ሶፋ አመጣሁልሽ" አለኝ። ከሁለቱ የተወለደችው የልጅ ልጄ ወዲያው ወጣችበት። ለመጫወቻ ጥሩ ሆነላት፤ እኔን በአንድ በኩል ታስቀምጠኛለች፣ እሷ በመስኮት በኩል ነኝ ትላለች፣ ከዚያ እንሄዳለን። አንዳንዴ ልደታ ማርያም ድረስ፣ አንዳንዴ ባሕር አለ ወደተባለበት አገር።

ሱቁም እንደ መኪናዋ ነው የተራቆተው። ከመደርደሪያ የወረደው ዕቃ ሁሉ ወደ ገበያተኛ ሳይሆን ወደ ቮልሷ ይገባል። ጎማው አንድ እሑድ ይበላል፤ ሞተሩ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ እንደገና ይፈታል። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ምራቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ አስቤዛው በእሷ ደሞዝ ላይ ወደቀ። እሷን የከፋት ግን ይህ አልነበረም። ትዳር ነው፣ አንዱ ሲጎድልበት ሌላው ይሞላል ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልብስ እያጠፈች ቀና ሳትል፣ "እማማ፣ እኛም ክብደት ሳንሆንበት አንቀርም" አለችኝ።

ቀጥሎ መኪናዋ ውስጥ ብረት ተበየደ። መኪናዋ ብትገለበጥ ሹፌሩን እንዲያድን ነው ተባለ፤ ወፍራም ቱቦ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ከግራ ወደ ቀኝ አጠላልፈው አሠሩባት። እኔ ብረቱን ወደድኩት። ልጄ እንዳይሞትብኝ ነዋ። ስለት ሁሉ ገብቼ ነበርና፣ ማርያም የሰማችኝ በዚህ መንገድ ነው ብዬ አመሰገንኳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሕፃኗ ትኩሳት ያዛት። ዓይኗ ተገለበጠ። እናቷ አቅፋት ስትወጣ ቮልሷ ደጃፋችን ቆማለች፤ ውስጧ አንድ የሹፌር ወንበርና ብረት ብቻ። ልጄ በአንዱ በር አየ፣ በሌላው በር አየ፤ ማስቀመጫ የለም። ከዚያ ታክሲ ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ሮጠ። ዝናብም ይዘንብ ነበር። ምራቴ ልጇን በጋቢ ሸፍና፣ ከመኪናው ጎን ቆማ ጠበቀችው። ሕፃኗ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ካገገመች በኋላ ግን እናትየው ልጇንና ሻንጣዋን ይዛ፣ እኔን ስማ፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር።

ሽማግሌ ላክን። አባትየው የሰው ፊት የማይመልሱ ሰው ናቸው፤ አስቀምጠው አናገሩን። ክርክሩ አልረዘመም። ምራቴም የጠየቀችው ገንዘብ አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። አባቷ ስለ እሷ ሆነው ለልጄ እንዲህ አሉት፦ "በወንበር ላይ አስቀምጠህ ነው የወሰድካት። በዚያው ወንበር ላይ አስቀምጠህ መልሳት፤ ሌላ የምንፈልገው የለም።" ሽማግሌዎቹ ይህማ ቀላል ነው ብለው ሳቁ። ልጄም ሳቀ። ለእሑድ ተቀጠረ።

ቅዳሜ መቀመጫውን ከጡቡ ላይ አንስተን አቧራውን አራገፍን። ቀዳዳውን እኔ በመርፌ ሰፋሁት። ልጄና አንድ ጎረቤት ተሸክመው አወጡትና በበሩ ሊያስገቡት ሞከሩ። በጎን አዞሩት፣ ገለበጡት፣ አልገባም፤ ብረቱ መንገዱን ይዞታል። ስለዚህ መቀመጫውን ጣሪያው ላይ አስረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው በያጅ ልጄ ነዳት። እኔ በእግሬ ደረስኩባቸው፤ መቼም መንገድ አይሰለቸኝም።

በያጁ ጎንበስ ብሎ አየና ይቆረጣል አለ። ግን ከተቆረጠ በኋላ ለውድድር አትሆንም። ወለሉም ስለሳሳ ከሥር ሌላ ብረት ይገባበታል፤ ትከብዳለች፣ እንደ ድሮዋ ቀስ ብላ የምትሄድ የቤት መኪና ትሆናለች።

"ልቁረጠው?" አለና መቁረጫውን አነሳ።

ልጄ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ብረቱ የተበየደው በልጅነቱ ጆሮውን ይለጥፍበት በነበረው ቦታ ነው። ተናገር ልጄ፣ ተናገር እያልኩ በሆዴ ጠበቅሁት። በያጁም መቁረጫውን እንደያዘ ጠበቀ።

"ለዛሬ ይቆይ" አለ ልጄ።

እሑድ በኪራይ መኪና ሄድን። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ሽቶ የተረጨባት መኪና። አባትየው ከበራፍ ቆመው አዩአትና የማን ናት አሉት። የኪራይ ናት አላቸው።

"እንግዲያው ልጄንም ለጊዜው ነው የምትወስዳት" አሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ምራቴ ከኋላቸው ወጣች። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን በእጇ ይዛ ነበር። ልትመጣ ነበር እኮ። ባሏን ብቻ እያየች፣ "ብረቱን ቆረጥከው?" አለችው። እሱ ወደ መሬት አየ። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ሕፃኗ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ጨዋታ መስሏት።

መቀመጫው ወደ ጡቡ ተመልሷል። የልጅ ልጄን ለማየት በሳምንት አንዴ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግሬ እወጣለሁ። ምራቴ ውሃ ሳታቀርብልኝ አታስወጣኝም፤ ስለ እሱ ግን አታነሳም፣ እኔም አላነሳም።

ልጄ እሑድ እሑድ አሁንም ይሄዳል። ሲመለስ ደጃፋችን ያቆማትና ሞተሩን ሳያጠፋ ብቻውን ይቀመጣል። ምድር ቤት ስለሆንን ግድግዳው ይነዝራል፤ የመቀመጫው ሽቦም ከሥሬ ይነዝራል። እኔ በዚያው በእኔ በኩል ተቀምጬ፣ የልጅ ልጄን የመስኮት በኩል ባዶ ትቼ፣ ድምፁ እስኪቆም እጠብቃለሁ።