ደረቅ ወንዝ ላይ የተተከለ ድንኳን

ዛሬ ከሰዓት የልጅ ልጄን አዲስ ድንኳን፣ እሱ ውስጡ እንደተኛ፣ በቢላዋ ቀደድኩት። እግሩን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት።

ሂማልያ ሸለቆ ውስጥ ሳምንት ሙሉ በእግር ሊጓዝ ነው። ለልምምድ ብሎ የተከለው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ! «አባባ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው» ይለኛል።

በጃንሆይ ጊዜ አለቃዬም እንዲሁ ብሎ ነበር። ለአደን ወጥተን ጠመንጃውን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከቢዮ አዋሌ መንደር ማዶ፣ ደረቅ ወንዝ መሀል አሸዋው ላይ ጋደም አልን።

መንገድ መሪያችን፣ አዴር የምንለው ሽማግሌ ግመል ነጂ፣ ከላይ ከተራራው የጎርፍ ድምፅ ሰማ። እኔን ምንም ሳይለኝ ትከሻዬን በዱላ ነረተኝ። እየተሳደብኩ ዳገቱን ወጣሁ።

አለቃን ግን ማን ይመታል? አዴር ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ፣ እባክዎ ይነሱ» አለው።

አለቃዬ «ቆይ፣ ጫማዬን ላጥልቅ» እንዳለ አዴር ለጥቂት ዳር ወጣ፤ እሱን ግን ጎርፉ ከነድንጋዩ ጠርጎ ወሰደው።

ትከሻዬ እስከ ዛሬ ከተራራው ላይ ደመና ሲጠቁር ይጠዘጥዘኛል። ዛሬም ሲጠዘጥዘኝ ነው ቢላዋ ይዤ የወረድኩት።

ልጁ አኩርፏል። ያኩርፍ! ሂማልያም ቢሆን ወንዝ ወንዝ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተን መትቶ ያተረፋችሁ ማነው? አክብሮ ሰው የገደለስ ታውቃላችሁ?