ተላላፊ ብዬ የጻፍኩት ቁስል

ሊይዙኝ ሲመጡ ሐይቅ ዳር ባለችው ክሊኒክ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ነበር። ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ፎጣ አቀበለኝ፤ ጨዋ ሰው ነበር። ጥፋቴ የሚፈለግ ሰው ቁስል ማሸጌ ነው። አሽጌያለሁ። ድሬሰር ሌላ ምን ይሠራል?

ያስገቡኝ ክፍል የበቆሎ መጋዘን የነበረ ነው። ነቀዙ ገና አልወጣም፤ እኛ ተጨመርንበት። በተራ እንተኛለን፣ ያለ ተራ እንታከካለን። ሙቀቱና ቅማሉ ቆዳችንን ሲጨርሰው እኔ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ኮርስ ያለኝ ሰው፣ ፕሮፌሰር ሆንኩ። እስረኞቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ይሰለፋሉ።

"ቀለሙ ብቻ ተለውጦ በጣት ሲዳሰስ ካልታወቀ ነጠብጣብ ነው። ጎላ ካለ ሽፍታ። ንጹሕ ውሃ ከያዘ ውሃ ቋጠሮ። ቆዳው ተበልቶ ከጎደጎደ ቁስለት።"

መድኃኒት የለኝም፤ ስም ግን አላለቀብኝም።

"ዶክተር፣ የእኔ እከክ ማዕረጉ ምንድን ነው?" ይለኛል አጠገቤ የሚተኛው የቱላ አስተማሪ። ቤት ውስጥ ሲዘምር የተያዘ ጴንጤ ነው።

"ሻለቃ ደርሷል። ሹመቱ እንዳይሰማ ዝም በል።"

አንድ ቀን ለምርመራ ወሰዱት። ሲመልሱት ሁለት ሰው ደግፎት ነው። ውስጥ እግሩ ተተርትሯል። በአምስተኛው ቀን የቁስሉ ጠርዝ ጠቆረ፣ መግሉ ሸተተ፣ ሰውነቱ እንደ ምድጃ ጋለ። ሆስፒታል ካልሄደ እንደሚሞት ለማወቅ የእኔ ኮርስ እንኳ ይበቃ ነበር።

ለጥበቃ ኃላፊው ተናገርኩ።

"በምርመራ ለተጎዳ ሆስፒታል የለም" አለኝ።

ያኔ ብልጠቴ መጣ። ሰውየው የቆዳ በሽታ ይፈራል፤ እኛ የነካነውን ወረቀት እንኳ በጫፉ ነው የሚይዘው።

"ጓድ፣ በሽታው እኮ ተላላፊ ነው።"

ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። "ጻፈው።"

ጻፍኩ፦ "መግል የቋጠረ፣ የሚዛመት፣ ተላላፊ የቆዳ በሽታ።" ባማረ እጅ ጽሑፍ። ለአስተማሪው "ነገ ሆስፒታል ነህ" ብዬ በጆሮው ነገርኩት።

"ጌታ ይባርክህ፣ ዶክተር።"

በማግስቱ አፍንጫቸውን ሸፍነው መጡ። የወሰዱት ግን ከግድግዳው ማዶ፣ ማዳበሪያ ይቀመጥባት ወደነበረች ጠባብ ክፍል ነው። ዘጉበት። ምግቡን በእንጨት እየገፉ ያስገቡለታል። ተላላፊ ሰው እንደማይነካ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ግድግዳው ስስ ነበር።

"ዶክተር፣ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?"

"ዛሬ" አልኩት። በማግስቱም "ዛሬ" አልኩት። በሦስተኛው ቀን አልጠየቀኝም።

ኃላፊው ወረቀት ይዞ መጣ። "ያው በጻፍከው በሽታ ሞቷል። ፈርም።"

"አስከሬኑን ሳላይ አልፈርምም።"

አሳዩኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ እንደተማርኩት፣ የሚታየውን ጻፍኩ፦ "በሁለቱም ውስጥ እግር የተተረተረ፣ ጠርዙ የጠቆረ ቁስለት። በባቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ፣ ጣት የሚያህሉ ሰንበሮች። ተላላፊ በሽታ የለም።"

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ያየሁት።"

ቀደደው። ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ መልሼ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሰንበርን ስፋትና ቀለም በገዛ ቆዳዬ ላይ ለማጥናት ሰፊ ጊዜ ተሰጠኝ፤ ትጉህ ተማሪ ነበርኩ።

አሁን ሽማግሌ ነኝ። የሠፈሩ ወጣቶች ስለዚያ ስለመጨረሻው ወረቀት ሳወራ "ጀግና ነበሩ እኮ፣ አባባ!" ይሉኛል። አላርማቸውም፤ ሙገሳ እወዳለሁ። ስለ መጀመሪያው ወረቀት ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እንደተፈታሁ ሰሞን የአስተማሪው እናት ልጃቸውን እንዳከምኩት ከእስረኞች ሰምተው፣ ቱላ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ይሉ ነበር። ቶሎ ብዬ አነሳቸው ነበር። ሌላ ምንም አላልኳቸውም።

እሳቸው ካለፉ ብዙ ዓመት ሆነ። የሚቆጣኝ ሲጠፋ ነው እንግዲህ ይህን የመናገር ድፍረቱ የመጣልኝ።