የኋላው ወንበር

ልጄ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞዴል እየሠራች ነው። ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ድምፁ መካነ ሰላም፣ አያቴ ደጅ ይዞኝ ሄደ።

አያቴ ብራና ፋቂ ነበሩ። እኔም መጽሐፍ ላይ ያየሁትን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከአገዳ ስሠራ፣ ገና ፍየል ፍየል የሚሸት ቁራጭ ብራና ለክንፉ ሰጡኝ።

«ወንበሩ ምነው ሁለት ሆነ?» አሉኝ።

«የኋላው የአስተማሪው ነው፣ አባባ። ተማሪዋ ብቻዋን ማብረር ስትችል ይወርዳል።»

መፋቂያቸውን አስቀምጠው ትንሿን ወንበር በጣታቸው ዳሰሷት።

«እንግዲያ ቶሎ እንዳትለምጂ፣ ልጄ።»

በዚያው መስከረም ለትምህርት ደሴ ሄድኩ።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ ትንሹን የፕላስቲክ ሰው ይዛ፣ «የኋላው ሰውዬ ባይኖርስ?»

ሰውየውን ከእጇ ወስጄ፣ ኮላ ቀብቼ ቦታው ላይ አጣበቅኩት።