አጎቴን ከሀምበሪቾ ያወረድንበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ከሀምበሪቾ ጫፍ ፎቶ ላከችልኝ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ የታሸገ ውሃ ይዛለች፣ ከታች የዱራሜ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። «አክስቴ፣ ሁሌ የምታወሩለት ተራራ ይሄ ነው እንዴ? ደረጃ እኮ አለው!» ብላ ጽፋበታለች። ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ብዬ ልመልስላት? በእኛ ጊዜ ደረጃ አልነበረውም። ስንወጣ ውሃ አልቀመስንም፤ ስንወርድ ደግሞ ሰው ተሸክመን ነበር።

ልጅ እያለሁ ቤተ ክርስቲያናችን በኪቦርድ ምክንያት ለሁለት ተከፈለች። ግማሹ ሰው «የጭፈራ ዕቃ ነው፣ ይውጣ» አለ፤ ግማሹ «ከበሮስ ምኑ ይሻላል?» አለ። ልብ በሉልኝ፣ ያኔ በሰፈራችን መብራት ከመጣ እልል ይባል ነበር። ድምፁ በወጉ ላልተሰማ ኪቦርድ ነው እንግዲህ ሰው የተጣላው። ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ከኪቦርዱ ጋር ቀረ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ኤርሲዶ ከከበሮው ጋር ወጣ። አባታችን ከሞተ በኋላ ማርቆስን ያሳደገውና መዝሙር ያስተማረው እኮ እሱ ነው። ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። መንገድ ላይ ከተገናኙ አንደኛው ወደ አጥር ዞሮ የሰው እንሰት ሲመረምር ይቆይ ነበር።

እናቴ በዚያ ዓመት ልቧን ታማ ተኝታለች። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ እንሰቱ እንኳን ቅጠሉን ጠቅልሏል። ከኪቦርዱ ጋር የቀረው የእኛ ኳየር ተራራው ጫፍ ላይ ወጥቶ ለዝናብ ሊጾምና ሊጸልይ ሲወስን እናቴ ወደ አልጋዋ ጠራችኝ። በሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ የሚችለኝ ስላልነበረ በእግሬ ትተማመናለች። «ጫፉ ላይ ስትደርሺ የማርቆስንና የኤርሲዶን ስም ጥሪልኝ» አለችኝ በከምባትኛ። «ሳይታረቁ ከሞትኩ አፈሩ ይከብደኛል።» እኔም እንደ ትልቅ ሰው እሺ አልኳት። እናቴ ትሞታለች ብዬ የፈራሁት ያን ቀን ነው።

ገና ሳይነጋ ተነሳን። የታችኛው መንገድ ቀዝቃዛና የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው ስለነበረ እየዘመርን አለፍነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን የሚዘምር ጠፋ። ሣሩ ተቃጥሎ ስንረግጠው እንደ አመድ ይበናል፤ እሾሁ ቀሚሴን ይይዛል፤ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማዬ ከድንጋዩ ሙቀት የተነሳ ለስልሶ እግሬን ይልጥ ነበር። ጾሙ ውሃም የማይቀመስበት ጾም ነው። አንዲት ዘማሪ ወድቃ አስመለሳት፤ የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ ብቻ ነበር። ማርቆስ ዱላውን እየተመረኮዘ ከፊት ይሄዳል፤ ዞር ብሎም «የደከመው ይመለስ!» እያለ ይጮኻል። በውስጤ ሁለት ስም እየደጋገምኩ ተከተልኩት።

ጫፉ ሲቀርብ የከበሮ ድምፅ ሰማን። እነዚያኞቹም ለዚያው ዝናብ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጾም በሌላኛው ወገን ወጥተው ቀድመውናል! መቅደማቸው ባልከፋ፤ የሚዘምሩት ግን ማርቆስ ከመለያየታችን በፊት ያወጣውን መዝሙር ነበር። ዜማውን ያቃናለት አጎቴ ነው፤ አሁን የሚያዘምረውም እሱ ነው። የወንድሜ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት።

«መዝሙሩ የኔ ነው! አቁሙ!» አለ።

«ዜማውን ከማን ተማርክ?» አለው አጎቴ። በዓመት ውስጥ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል መሆኑ ነው።

ማን ቀድሞ እንደመታ ዛሬም አላውቅም። ሊጸልይ የወጣ ሕዝብ በዱላ ተፋለጠ። ከበሮው ተቀደደ። ድንጋይ ከላይም ከታችም ይወረወራል። አብረው አንድ የመዝሙር ደብተር ይዘው ያደጉ ሴቶች ፀጉር ለፀጉር ተያይዘው መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አንዱ ሰውዬ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ለማን እንደሚሰጠው የጠፋው ይመስል ይዞራል። ከአንድ የእኛ ዘማሪ ቦርሳ ደግሞ፣ በጾም ቀን፣ ሙሉ ዳቦ ወደቀ፤ ዳቦው ላይም ተረጋገጡበት። እኔም ከንጹሐን አልነበርኩም፤ ቀሚሴን የያዘኝን እጅ ደም እስኪወጣው ነከስኩ። የጠላትም የወዳጅም መሆኑን አላየሁም።

ከዚያ የማርቆስ ዱላ በአጎቴ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ አየሁ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። አጎቴ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ከገደሉ አፋፍ ተንከባለለና ከታች ካለው ቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። እግሩ ሊዞርበት በማይገባው በኩል ዞሯል። ደሙ ነጩን ድንጋይ ሲያቀላው ሁሉም ዱላውን አወረደ። እኔ ስማቸውን ጠራሁ። አልጸለይኩም፤ እንደ እብድ ጮኽኩ እንጂ። «ማርቆስ! አጎቴ ኤርሲዶ!»

በአገራችን ቃሬዛ ሲነሳ ወገን አይጠየቅም። መንገደኛም ቢሆን ዕቃውን አስቀምጦ ትከሻውን ይሰጣል፤ ያልሰጠ ሰው ሲሞት ማን ይሸከመዋል? የከበሮው ወገን ሽማግሌ ግንባሩ እየደማ «ዱላችሁን አምጡ» አለ። ሲደባደቡበት የነበረውን ዱላ በነጠላና በመቀነት አሰሩት፤ ጋቢ አነጠፉበት። ማርቆስ ሊሸከም ሲጠጋ ከእነሱ አንዱ ገፈተረው። ሽማግሌው ግን «የሰበረ እሱ ይሸከም» ብሎ የፊቱን ጫፍ ትከሻው ላይ አኖረለት።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የባሰ ነበር። ጠጠሩ ይከዳል፤ ተሸካሚዎቹ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው። ሌሎቹ እየተፈራረቁ ሲሸከሙ ማርቆስ አልቀየርም አለ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዶ ሥጋው ተላጠ። አጎቴ ቃሬዛው በተናጠ ቁጥር ይራገማል።

«ቀስ በል፣ አንተ ውሻ!»

«እሺ አጎቴ።»

«ልትጨርሰኝ ነው? ቀስ በል አልኩህ!»

«እሺ አጎቴ፣ እሺ።»

እስከ ታች ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። አንዱ ይሰድባል፣ አንዱ እያለቀሰ እሺ ይላል። እኔ ከጎን ከጎን እየሮጥኩ የአጎቴን ፊት በቀሚሴ ጫፍ እጠርግ ነበር።

ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ አጥሩን ይዛ ቆማለች። በዚያ ልቧ! ቃሬዛውን አየች፤ የተሸከመውንም አየች።

«ማን ሰበረህ?» አለችው ወንድሟን።

አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። «ተራራው ነው» አላት።

እናቴ የዱላውን ሰንበር አየች፤ የማርቆስንም ደም የለበሰ ትከሻ አየች። «ተራራው ዱላ መያዝ ጀመረ?» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ብላ ወጌሻ እንዲጠራ አዘዘች። ማርቆስ እግሯ ሥር ተደፍቶ ሲያለቅስ ከቃሬዛው ላይ የተዘረጋች እጅ ጭንቅላቱ ላይ አረፈች። ክረምቱ ሳይወጣ እናታችን አረፈች። አፈሩ ግን እንዳልከበዳት አምናለሁ።

ዛሬም ሰው ይጣላል። አሁን የሚጣላው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ደም አይፈስም፣ እሰየው። ግን አንዱ ሌላውን ብሎክ ያደርገውና በዚያው ይቀራል፤ ማንም ማንንም ተሸክሞ አይወርድም። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖችም እስከ ዛሬ አልተዋሃዱም። የአጎቴ እግር ቢጠገንም እያነከሰ ቀረ፤ ማርቆስ ግን እሑድ እሑድ ጠዋት እደጃፉ እየሄደ በእሱ እርምጃ ልክ እያዘገመ እስከ መገንጠያው ያደርሰው ነበር። ከዚያ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ።

አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ወር ከምኖርበት ከሆሳዕና ከተማ ሄጄ ከማርቆስ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እኔ ቸኩዬ ቀደምኩትና ዞር ብዬ «ምን ሆነሃል፣ አሞሃል እንዴ? ፈጠን በል እንጂ» አልኩት። አላመመውም። ወንድሜ ፈጥኖ መሄድ ትቷል።