ከዝናብ መለኪያው ስድስት ሜትር

ሰፈሩ ሰውዬውን «ጋሼ ጠብታ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ፖስታ ቤቱ ብቻ ናቸው፤ ፖስታ ቤቱም ጡረታ ካወጣው ወዲህ ሳይረሳው አልቀረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ ጓሮው ውስጥ ወደተተከለው የቆርቆሮ ጣሳ ይሄዳል። የተጠራቀመውን ዝናብ ወደ መስታወት መለኪያ ይገለብጣል፤ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ጋር ያስተካክልና በሚሊሜትር ያነባል፤ ይጽፋል። ካልዘነበ ዜሮ ይጽፋል። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ለጂኦግራፊና ሳይንስ ማኅበር ይልካል። ምስጋናው በዓመት አንዴ የሚመጣ የታተመ ደብዳቤ ነው፤ የእሱ ስም ብቻ በእጅ ተሞልቶበታል፤ እሱንም አንዳንዴ ይሳሳቱታል።

ጎረቤቶቹ ሥራው ገብቷቸው አያውቅም። «ጋሼ ጠብታ፣ ዛሬ ዣንጥላ ልያዝ?» ይሉታል በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

«እኔ የወረደውን እንጂ የሚወርደውን አላውቅም» ይላል ቆጣ ብሎ።

«የወረደውንማ እኛም አይተነዋል፣ ደብድቦናል!» ይሉና ይስቃሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የተባለው ለእሱ ነው ይሉ ነበር፤ እኔም ብዙ ልከላከልለት አልችልም።

እሱ ግን የሚመካበት ነገር ነበረው። በአምስተኛው ዓመት ማኅበሩ ታዛቢዎቹን (ዝናብ ለኪዎቹን እንዲያ ነው የሚጠራቸው) ለዓመታዊ ጉባኤው ጠርቷቸው ነበር። ጋሼ ጠብታ በትልቁ አዳራሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ ተራራ የወጡና የሐይቅ ጥልቀት የለኩ ሰዎች ሲናገሩ ዋለ። ግማሹ አልገባውም። በእረፍት ሰዓት የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ ትከሻውን መታ አድርገው «እኛ እናወራለን እንጂ የማኅበሩ ዓይን እናንተ ናችሁ» አሉት። ደግሞም፣ ሠላሳ ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ ያለው ጣቢያ በማኅበሩ ትልቅ መጽሐፍ እንደሚገባ ነገሩት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሆነ አይገባም። ጸሐፊው ይህንኑ ለሁሉም ታዛቢ ሳይሉ አይቀሩም። ሰውዬው ግን እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰና ሃያ አምስት ዓመት ኖረባቸው። የጎመን ጓሮ የሚያክለውን መሬቱንም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጣቢያው» ይለው ጀመር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ በጓሮው መስኮት ሥር ነው፤ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቱ በዘጠኝ ዓመቷ ከትምህርት ቤት የታደለችውን የግራቪሊያ ችግኝ በወተት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ የት ልትከላት?» አለች። አባት መመሪያውን አወጣ። በመለኪያው ዙሪያ ያለ ማናቸውም ነገር ርቀቱ የቁመቱ ሁለት እጥፍ ይሁን ይላል። ችግኟ ከጉልበት አትበልጥም፤ እሱ ግን ለጋስ ሆኖ ስድስት ሜትር ለክቶ ቦታ ሰጣት። ዛፍ እንደሚያድግ የዘነጋ የሳይንስ ሰው ማለት እንግዲህ እሱ ነው።

ልጅቱ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ሦስት ቀን ባጣደፋት ትኩሳት ሞተች። በተቀበረችበት ዕለት ጠዋት፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን አባትየው ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። አራት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር። ሚስቱ በመስኮቱ አየችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰች።

ዛፉ ግን አደገ። ሦስት ሜትር አልፎ ከመመሪያው ውጭ ሲሆን ጋሼ ጠብታ ከማንም በፊት አወቀ። በየዓመቱ ማኅበሩ የሚልከው ቅጽ ላይ «በጣቢያው አቅራቢያ መሰናክል አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። በአሥረኛው ዓመት እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየና «የለም» ብሎ ጻፈ። በተከታዩም ዓመት «የለም»። ዝናብን በነጥብ የሚለካው፣ ለአንዲት ጠብታ የሚጨነቀው ሰው፣ ሃያ ጊዜ «የለም» ብሎ ፈረመ። ዛፉ በዚያን ጊዜ ከቤቱ ጣሪያ በላይ ነበር፤ ሚስቱም ክረምት ከበጋ በጥላው እየሰፋች ከቅጠሉ ጋር ስታወራ ትሰማለች። ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል ካደው።

በሠላሳኛው ዓመት መጨረሻ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። መጽሐፉ ሊታተም ስለሆነ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ጣቢያዎች ሁሉ ይጎበኛሉ፤ መሰናክል የተገኘበት ይሰረዛል። ጋሼ ጠብታ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ይቺ ዛፍ አልበዛችም?» አላት ሚስቱን አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ምን አደረገችህ?»

«ምንም። ቅጠሏ ጣሳው ውስጥ እየገባ ነው።»

«ቅጠሉን ልቀመው» አለችና ውሃ ቀዳችለት። ወሬውም እዚያው ላይ አለቀ።

በሳምንቱ እህቷ ታመመችና ልታስታምማት ሄዳ ሁለት ቀን አደረች። በሁለተኛው ቀን እሱ መጋዝ የያዙ ሁለት ሰዎች አመጣ። «ጋሼ፣ ደህና ዛፍ እኮ ነው፤ ምን በደለዎት?» አለው አንደኛው። «ሥራህን ሥራ» አለው። ከሰዓት በኋላ ግንዱም ቅርንጫፉም ተጭኖ ሄደ። ጓሮው ውስጥ የቀረው ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ እርጥብ ጉቶ ነበር። ሰውዬው ርቀቱን ከጣሳው ወደ አጥሩ፣ ከጣሳው ወደ ጣሪያው ለካ። ሁሉም በመመሪያው መሠረት ሆነ፤ እፎይ አለ።

ሚስቱ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ጓሮውን አልነበረም። ገና ከደጃፉ ቆማ «ቤቱ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የበራው?» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። እሱ አዘጋጅቶት የነበረውን ማመካኛ ጀመረ፤ ሥሩ ግድግዳ ሊሰነጥቅ ነው፣ ነፋስ ቢጥለውስ፣ ምን የማይለው አለ።

«ለጣሳው ነው?» አለችው።

ዓይኑን ወደ ጣሳው መለሰ።

«ለጣሳው ነው» አለች ለራሷ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የስፌት መኪናዋን ጎትታ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠችና የጀመረችውን ቀሚስ ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ቃል ግን የለም። እሱም አልተከራከረም። መጽሐፉ ሲመጣና ስሙ የሠፈረበትን ገጽ ስታይ ትረዳኛለች ብሎ ራሱን አጽናና። ሞኝ ነበር፤ ግን ክፉ አልነበረም። ይህ ለሚስቱ ምንም አይፈይድላትም።

በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወጣት ናት፤ ቦት ጫማ አጥልቃለች፣ የመሣሪያ ቦርሳ ተሸክማለች። ጣሳውን አየች፣ ልኩን አረጋገጠች፣ የሠላሳ ዓመቱን ቅጂ አገላብጣ «እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። ሰውዬው ልቡ ቅቤ ጠጣ። እሷ ግን ዙሪያዋን ማየት ጀመረች።

«ዛፉ የታለ?»

«የቱ ዛፍ?»

«ዛፍ እንዳለማ ድሮ ነው የምናውቀው» አለች እየሳቀች። «የእርስዎ ቁጥር በየዓመቱ ከአጎራባቾቹ ጣቢያዎች ትንሽ ትንሽ እያነሰ ሄደ። ሰማይ እንደዚያ አያደርግም። የሚያድግ ዛፍ ነው እንደዚያ የሚያደርገው፤ ዝናቡን ይከልላል።»

«ይሰረዛል ብላችሁ ጻፋችሁልኝ እኮ!»

«እሱ ለሁሉም የሄደ ደብዳቤ ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ ቁጥር የሚፈጥር ታዛቢ ስላለ እንዲፈራ ነው። የእርስዎማ ታርሞ እንዲገባ ተወስኗል። እኔ የመጣሁት ዛፉን ልለካ ነው። ቁመቱና ርቀቱ ከታወቀ ማረም ቀላል ነው።»

ጋሼ ጠብታ ክው አለ። በጣቱ ጉቶውን አሳያት።

ተቆጣጣሪዋ ጉቶውን አየች፣ እሱን አየች። «መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንቱ ነው።»

«ቁመቱ ስንት ነበር?»

ሠላሳ ዓመት የሰማይን ውሃ በጠብታ የለካው ሰው እጁን ወደ ላይ ዘረጋና መልሶ አወረደው። ደጋግሞ ያየው፣ የፈራው፣ የካደው ዛፍ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ለክቶት አያውቅም። «ትልቅ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«‹ትልቅ› ማለት ቁጥር አይደለም እኮ፣ ጋሼ» አለች አዝና። «በየጊዜው የነበረው ቁመት ካልታወቀ ሃያው ዓመት ይወድቃል። ሃያው ከወደቀ ሠላሳው የለም። እንደ አዲስ ጣቢያ ከዛሬ ይጀምራሉ።»

ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ይሰማ ነበር፤ በራሱ ሲደርስ ግን የሚተረት አልሆነለትም። ጉቶው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ሚስቱ በጓሮው በር ብቅ አለች፤ በእጇ ጠርዙ ያለቀ የተማሪ ደብተር ይዛለች። «አሥራ አራት ሜትር ከሠላሳ» አለች።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«እንዴት ለኩት፣ እማማ?»

«በጥላው ነዋ። ልጄ ከትምህርት ቤት ተምራ መጥታ አሳየችኝ። የራስሽን ጥላ ትለኪያለሽ፣ የዛፉን ትለኪያለሽ፣ ታካፍያለሽ፣ በቁመትሽ ታባዣለሽ። በየዓመቱ በልደቷ ቀን ለክቻለሁ።»

ደብተሩን ለተቆጣጣሪዋ አልሰጠችም፤ ለባሏ ዘረጋችለት። ከፈተው። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች የልጅቱ ቁመት ናቸው፤ ሰባ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ሰማንያ ስድስት፣ እያለ እስከ አንድ ሜትር ከሠላሳ አራት ይወጣል። ከእሱ በታች፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይዘለል፣ ሁለት ሜትር ከስድሳ ይላል፤ ቀጥሎ ሦስት ሜትር ከአሥር። ልጅቱ ያቆመችበት ላይ ዛፉ ቀጥሏል። ሚስቱ ልጇን መለካት አላቋረጠችም ነበር። ሰውዬው ዓይኑ በእንባ ተሞላ፤ የቆረጠው ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባው።

ተቆጣጣሪዋ በትከሻው አጮልቃ እያየች ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «በቃ፣ ተገኘ! አሁን ገልብጬ እመልስልዎታለሁ፣ ሠላሳው ዓመት ይገባል።»

እሱ ግን ደብተሩን አጥፎ ደረቱ ላይ ያዘው። «አይሆንም» አለ። «ሰርዙኝ።»

«ጋሼ!»

«ይህ የልጄ ነው። ለመጽሐፍ አልሰጥም። ሰርዙኝ።»

«ሠላሳ ዓመት እኮ ነው! ዝርዝሩ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ በፊርማዎ ከወጡ ደግሞ መመለስ የለም።»

«የምፈርምበትን ወዲህ በይው።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ሚስትየዋ አየች። ሴትዮዋ ግን ባሏን ብቻ ነበር የምታየው። እሱ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ፈረመ። ብዙ ዓመት ያልተሰማው ኩራት ተሰማው። ዘግይቶም ቢሆን ለልጁ የሚወደውን ነገር የሰጣት መሰለው። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ሰብስባ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

ያኔ ደብተሩን ለሚስቱ ዘረጋላት። «ይኸው፣ አልሰጠኋትም» አላት።

ሚስቱ አልተቀበለችውም። «ለምን?» አለችው።

«እንዴት ለምን? ያንቺ…»

«ይዤው የወጣሁት እንድትሰጣት ነው። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ያን ጊዜም አልጠየቅከኝም፣ ዛሬም አልጠየቅከኝም።»

«እኔ ለእሷ ብዬ…»

«ለእሷ? ለእሷማ ዛፉን መተው ነበር። ዛፉን ሰጠሃቸው፤ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ከለከልካቸው። የልጄ መለኪያ በመጽሐፍ ገብቶ ሊቀርልኝ ነበር እኮ፣ አንተ ሰው። እሷ ያሳየችኝ፣ እሷ ያስተማረችኝ። እሱንም በፊርማህ ቆረጥከው።»

ጋሼ ጠብታ ደብተሩን እንደያዘ በጎን በር ወጥቶ ወደ አውራ መንገዱ ሮጠ። በስልሳ አራት ዓመቱ እንዲያ ሲሮጥ ያዩት ጎረቤቶች «ጋሼ ጠብታ፣ ዝናብ መጣ እንዴ?» ብለው ሳቁበት። መኪናዋ ኩርባውን ከታጠፈች ቆይታ ነበር።