ከወለሉ ሥር ያለው ደብተር

የውሃ ቫልቭ ከፋቾቹ በየጠዋቱ ከክፍሏ ደጃፍ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ከእነሱ መካከል ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ የለም። «እትዬ ማሽን» ነው የሚሏት።

«እትዬ ማሽን፣ ማሽንዎ ዛሬ እንዴት አደረች?»

«ከአንተ በደህና አድራለች። እሷ እኮ ጠጥታ አታድርም።»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፣ ግን ዓይኗ ከማተሚያው ላይ አይነሳም። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን ይተፋል። ሦስተኛ ሰፈር ይከፈት፤ አሥራ አንደኛ ይዘጋ፤ ሰዓቱ ይኸውና። የከተማዋ ውሃ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ስለማይበቃ በተራ ነው የሚታደለው፤ ተራውን የሚያወጣው ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ወረቀቱ ካልወጣ ሰው ባዶ ባልዲ ታቅፎ ይውላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ወረቀቱ ያልወጣው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀን እሷ ታማ ነበር።

ክፍሉ መስኮት አለው፣ ግን አይከፈትም። ማሽኑ እንደ ቁም ሣጥን ግድግዳውን ሞልቶ በቆመበት ዘመን፣ አቧራ እንዳይገባበት ተብሎ ክፈፉ ዙሪያውን ተደፈነ። ማሽኑ ተነቅሎ ከወጣ ስንት ዘመኑ! መስኮቱን የሚያስታውሰው ግን አልተገኘም። እሷም በመስታወቱ በኩል የሌላውን ሕንፃ ግድግዳ ስታይ ኖረች፤ ዝናብ ሲመጣ የሚረጥበውን፣ ፀሐይ ሲወጣ ከላይ ወደ ታች የሚደርቀውን ግድግዳ።

መጀመሪያ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ካርድ የምትበሳ ሠራተኛ ሆና ነው። ያኔ ፕሮግራም ማለት በሣጥን የታጨቀ ካርድ ነበር፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ በቀዳዳ ይጻፋል። አንድ ቀን ሣጥኑ ከእጇ አምልጦ ካርዱ እንደ ጤፍ ተበተነ። አለቃዋ ራሱን ይዞ ሲጮህ እሷ ቁጭ ብላ ለቀመች፤ በካርዶቹ ጠርዝ ላይ ቀደም ብላ በእርሳስ ሰያፍ መስመር አስምራ ስለነበር፣ መስመሩ እስኪገጥም ደረደረቻቸው። በማግሥቱ አለቃዋ ከመብሳት አንስቶ ወደ መጻፍ አዛወራት። እንዲህ ተጀመረ።

ከዚያ ካርዱ ቀረ፤ ቴፕ መጣ። ቴፑም ቀረ፤ ስክሪን መጣ። በመጨረሻ ያ ትልቁ ማሽን ሞተ። ፕሮግራሙ ግን አልሞተም። እንደገና ከመጻፍ ይሻላል ተባለና፣ አዲሱ ትንሽ ኮምፒውተር የሟቹን ጠባይ እንዲያስመስል ተደረገ። ፕሮግራሙ እስካሁን ድረስ እዚያው አሮጌ ማሽን ውስጥ ያለ እየመሰለው ይሠራል። የነገረው የለም።

ችግሩ የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና በካርዱ ዘመን ነው። የአሮጌው ማሽን የማስታወስ አቅም ጠባብ ስለነበር፣ ይህ መስመር ለምን ተጻፈ የሚለው ማብራሪያ ቦታ እንዳይፈጅ ሁሉም ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ታዘዘ። እትዬ ማሽን ማብራሪያውን ሁሉ በአንድ ጥቁር ልባስ ባለው ደብተር ላይ አሰፈረችው። ጥቂት እንደቆየ የያኔው ሥራ አስኪያጅ የእህቱን ልጅ በቦታዋ ሊያስቀምጥ፣ እሷን ደግሞ ወደ ካርድ መብሳት ሊመልሳት አሰበ። «ደብተሩን አስረክቢ» አላት።

«ጠፍቷል» አለች።

ሐሰት ነበር። ክፍሉ ወለሉ ከፍ ተደርጎ፣ እየተነሱ በሚመለሱ አራት ማዕዘን ንጣፎች የተሸፈነ ነው፤ ሽቦው ሁሉ ከሥሩ ነው የሚያልፈው። ደብተሩን ከአንዱ ንጣፍ ሥር አስገብታዋለች። የእህቱ ልጅ ሦስት ሳምንት ካርዶቹ ላይ አፍጥጦ፣ አንድም መስመር ሳይገባው ሄደ። እሷ ቀረች። ደብተር ጣልክ ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሰው ግን የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሰላም አላላትም። እሷም ከዚያን ቀን ወዲህ ንጣፉን አልነካችውም። በላዩ ላይ ስትመላለስ ኖረች እንጂ።

ሥራዋን ያዳነላት ሐሰት ቀስ በቀስ መቆለፊያ ሆነባት። ታላቅ እህቷ የምትኖረው በአውቶቡስ ሁለት ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። ብቻዋን ናት፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ይደዋወላሉ።

«ሚጣዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

«እታለም፣ ሊለቁኝ እኮ ነው። ትንሽ ጠብቂኝ።»

«እኔ እጠብቃለሁ። ዓይኔን ነው እንጂ ጠብቅ ማለት ያቃተኝ።»

መልቀቂያ አምስት ጊዜ አስገብታለች። ሥራ አስኪያጁ አምስት ጊዜም ወንበር ስቦላታል። «እርስዎ ከሄዱ ከተማው በምን ይጠጣል? አንድ ዓመት ብቻ።» አዲስ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለቱም ጊዜ ያሰናከላቸው መስመር አራት መቶ አሥራ ሰባት ነው። ዘጠነኛ ሰፈር ከመከፈቱ በፊት አሥራ አራተኛን ለሰባት ደቂቃ ዝጋ ይላል። ሁለቱ ሰፈሮች በከተማዋ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ናቸው፤ አይገናኙም። ሰዎቹ ጥቅም የለውም ብለው አወጡት። በሦስተኛው ቀን የዘጠነኛ ሰፈር ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ወንዝ ሆነ።

«ለምንድን ነው ታዲያ?» ብለው ጠየቋት።

«ምክንያቱ ደብተሩ ላይ ነበር» አለች፣ አዋቂ መስላ። እውነቱን ለመናገር ረስታዋለች። በስክሪኑ ላይ ያ መስመር በመጣ ቁጥር ቶሎ ታልፈዋለች። ሁሉን የምታውቅ ተብላ ታስራ፣ የታሰረችበትን ነገር አታውቀውም። ደብተሩ ግን ያውቃል፤ ደብተሩ ከእግሯ ሥር ነው።

ዘንድሮ በሦስተኛ ዙር የመጣችው አንዲት ወጣት ናት። ቫልቭ ከፋቾቹ «ምሩቋ» አሏት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስታስብ እስክሪብቶ ጫፍ የምታኝክ። ከሌሎቹ የሚለያት፣ ሳይገባት ገባኝ አለማለቷ ነው። ሁለት ወር አብረው ቁጭ ብለው አራት መቶ አሥራ ስድስት መስመር ጨረሱ። ከዚያ ቆሙ።

«እትዬ፣ ይህን ሳላውቅ ብጽፈው ቧንቧው እኔ ላይ ነው የሚፈነዳው» አለች ምሩቋ። «ሰኞ አልቻልኩም ብዬ ላመለክት ነው።»

በዚያው እሑድ እህቷ ደወለች። «ሚጣዬ፣ እንግዲህ ቀይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሌላው ሁሉ አመድ ሆኗል። ስትመጪ ቀይ ልበሺ፣ እሺ?»

«እሺ፣ እታለም» ብላ እትዬ ማሽን ስልኩን ዘጋች።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ወጥቶ ቫልቭ ከፋቾቹ ሲበተኑ በሩን ዘጋች። ንጣፍ የሚነሳበትን፣ ጎማው ወለል ላይ የሚጣበቀውን እጀታ ከግድግዳው አወረደች። ቀጥ ብላ ወደ ማዕዘኑ ሄደች፤ መቁጠር አላስፈለጋትም።

«ምን ጠፋብዎት?» አለች ምሩቋ።

«የጠፋ ነገር የለም፣ ልጄ። ጠፍቶም አያውቅ።»

ንጣፉ ተነሳ። የሞቱ ሽቦዎች እንደ ደረቀ ሐረግ ተጠላልፈዋል፤ ከላያቸው አቧራ የጠጣ ጥቁር ደብተር ተኝቷል። ምሩቋ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየች። ሁሉም ገባት። አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ዘረጋችው።

የልጅነት ጽሕፈቷ ነው፤ ፊደሎቹ ተጨንቀው የተቀመጡ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ንጹሕ። ሦስት መቶ ሁለት ለምን እንደተጻፈ ተብራርቷል። ሦስት መቶ ሰማንያም። እትዬ ማሽን መነጽሯን ከኪሷ አውጥታ መልሳ ከተተችው።

«አንብቢልኝ» አለች።

ምሩቋ ገጽ ገለጠች። ጣቷ ወረደ፤ ቆመ። ድምፅ ሳታወጣ አነበበችውና እንደገና አነበበችው።

«ምን ይላል?»

«‹መስመር አራት መቶ አሥራ ሰባት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከእኔ በፊት የነበረውም አያውቅም። ያለ እሱ ግን አይሠራም።›»

ቀድማ የሳቀችው ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም። እትዬ ማሽን ተነስቶ የቆመው ንጣፍ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ በነጠላዋ አፏን አፍና፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እንባው አልቆመም።

«ሠላሳ ዓመት፣» አለች፣ «ሠላሳ ዓመት እኮ የማውቀውን ነገር ደብቄ የተቀመጥኩ መስሎኝ!»

«ይኸው አሁን እርስዎ የሚያውቁትን ያህል እኔም አወቅኩ» አለች ምሩቋ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ከአሮጌው ጽሕፈት ሥር «እኔም አላውቅም፤ አይነካ» ብላ ጨመረችበት።

ወደ ሥራ አስኪያጁ አብረው ገቡ። በመንገድ ላይ ምሩቋ «ወለሉ ሲጸዳ ተገኘ እንበል» ብላት ነበር። እትዬ ማሽን ግን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «የደበቅኩት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ምንም አላጠፋም፤ በፋይሉ ላይ ይጻፍልኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን አገላበጠ። መቆጣትም መደሰትም አቃተው። «እና… ይህን የሚያስረዳን ማነው? አንድ ዓመት ቢቆዩና…»

«ፈርሜ እረከባለሁ» አለች ምሩቋ።

እትዬ ማሽን ዞር ብላ አየቻት። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ካርድ ከወለል ለቅማ የተነሳች ልጅ ድምፅ ነው። አይሆንም፣ ተይው ልትላት አፏን ከፈተች። እህቷ ልበሺ ያለቻት ቀይ ትዝ አላትና ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት ቀይ ሻሽ አስራ መጣች። ቫልቭ ከፋቾቹ አፏጩ።

«እትዬ ማሽን! ሙሽራው ማነው?»

«አንተ እንዳትሆን ብዬ ነው ሌላ አገር የምሄደው።»

ማተሚያው ተንጫጫ፤ ወረቀቱን ቀድዳ የሰጠቻቸው ምሩቋ ናት። «እናመሰግናለን፣ ትንሿ ማሽን» አላት አንዱ። ምሩቋ ፈገግ አለች። እትዬ ማሽን ግን አልሳቀችም። ቁልፉን አስረከበች፤ ወንበሩ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳየቻት፤ የሚቀር ነገር እንዳለ ሁሉ ዙሪያውን ቃኘች። ከዚያ ከመሳቢያው ውስጥ ቢላዋ አውጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። የክፈፉን ድፍን መፋቅ ጀመረች። እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ከጥግ አንድ ጣት የምታህል ብቻ ተቀርፋ ወደቀች።

«አውቶቡሱ ያመልጥዎታል» አለች ምሩቋ።

እትዬ ማሽን ቢላዋውን በእጇ አስያዘቻት።

«በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ፋቂው» አለች። «ደብተሩንም፣ ልጄ፣ ከወለሉ በላይ አኑሪው።»