የአባቴ ፉጨት ያቋረጠው ተረት

ልጅ ሳለሁ… ቆዩ፣ አቦ ቆዩ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ! ይህን ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ሳቄ እየቀደመኝ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው። ምን እንደሚያስቀኝ አሁን አልነግራችሁም፤ ጥሩ ጥሩው ያለው መጨረሻ ላይ ነው፣ እኔም ራሴ የደረስኩበት በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ንዴት ነው። አንድ ተረት ነበር፤ መጨረሻውን ሳልሰማ ያደግኩበት፣ የተዳርኩበት፣ ሽበት ያበቀልኩበት ተረት። ሰው በተረት ይናደዳል? እኔ ተናድጃለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ቤታችን ድሬዳዋ ለገሃሬ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባዬ ባቡር ነጂ ነው፤ ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ ይመላለሳል። ያኔ ባቡሩ ውሃ እያፈላ በእንፋሎት የሚሄደው፣ ጭሱ የተሰጣ ልብስ ሁሉ የሚያጠቁረው ነበር። ጩኸቱም እንደ ኋለኛው የናፍጣ ባቡር ጡሩምባ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ነጂው ገመድ ይስባል፣ በሳበው ልክ ያፏጫል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ነጂ የራሱ አሳሳብ ነበረው። ከጅቡቲ የሚመጣው የማታ ባቡር ሽኒሌን አልፎ ከተማዋ ስትታየው ነጂው ያቺን የራሱን ፉጨት ይለቃታል፣ ሚስቱም የትም ትሁን የት ሰምታ ውሃ ትጥዳለች፤ ጥላሸትና ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅማ። የአባዬ ፉጨት አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ከዚያ ስትቀጥን ስትቀጥን የምትጠፋ ጅራት ነበረችው። ያቺ ፉጨት እንደተሰማች የእኔ ሥራ የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ ከቦኖ ውሃ መቅዳት ነው። ቆም ብል እማዬ ቁንጥጫ ታውቅበታለች።

የምጥለው ግን ምንን መሰላችሁ? የአዴር ሮብሌን ተረት።

አዴር በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጎት ነበር። ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ጉልበቱ ደክሟል፣ ጆሮው ግን የጥንቸል ነው። «አንቱ» ስንለው «ዋርያ፣ እናንተ ልጆች፣ ገና አልሞትኩም!» ስለሚለን አንተ ነበር የምንለው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጃፉ ላይ ሰሌኑን ያነጥፋል፣ ፋኖሱን ይለኩሳል፣ ሄል የገባበትን ሻይ ፍም ላይ ይጥዳል፤ የቀኑ ሙቀት ከድንጋዩ ገና አልወጣም፣ ከጣቢያው የሚመጣው የጭስ ሽታ ከሻዩ እንፋሎት ጋር ይቀላቀላል፣ እኛም በፍሙ ቀይ ብርሃን ዙሪያ ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን።

«ሼኮ ሼኮ!» ይላል፤ ተረት ተረት እንደማለት ነው።

«ሼኮ ሐሪር!» እንላለን፤ የሐር ተረት ይሁንልን ማለታችን ነው።

ተረቱ የአንዲት ልጅ ነው። ከእናቷ የወረሰቻት አንዲት ግመል ብቻ አለቻት። ግመሏ አንገት ላይ የእንጨት ቃጭል ታስሯል፣ ቆ ቆ ቆ የሚል፤ ልጅቷ ያንን ድምፅ እየሰማች ነው የምታግደው፣ እየሰማች ነው የምትተኛው። አንድ ቀን ጅብ ግመሏን በላት። ቃጭሉን ግን አልጣለውም፤ በራሱ አንገት ላይ አጠለቀው። ልጅቷ ሲመሽ ቆ ቆ ቆ ስትሰማ ግመሌ ናት ብላ ተከተለች። የአሸዋውን ወንዝ ተሻገረች፣ እሾሁን አለፈች፤ ቃጭሉ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ይላል። ዋሻ ገባ፣ ተከትላ ገባች። ጨለማ። ቃጭሉ ዝም አለ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አዴር ሮብሌ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና የራሱን ረጅም ክንድ በፍሙ ላይ ወደ እኛ እየሰደደ፣ «እጇን ዘረጋች…» ይላል።

ኡኡኡኡ! ባቡሩ።

በቃ። የዘረጋው እጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጣቱ ሰማይ ላይ ይቀራል፣ ዓይኑ ይጨፈናል። ልጅቷም ጅቡም ገደል ይግቡ።

ድሬ ላይ ያኔ የባቡር ፉጨት እንደ ዘፈን የሚያጣጥሙ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የእኛ ሰፈሮቹ አዴር ሮብሌና ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ከደጋ የመጡ፣ ባቡር በሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ያረጁ፣ ተረት የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ዱካቸውን ይዘው የሚመጡት ለፉጨቷ ብቻ ነው።

«ጉሮሮዋ ተጠርጓል፤ ትናንት ከጋራዥ የወጣችው ናት» ይላሉ ጋሽ ወልዴ።

«የለም፣ እሷ ወፍራም ናት። ይቺ ቀጭኗ ናት፤ እጁ ደግሞ የግሪኩ ነጂ ነው» ይላል አዴር።

«ግሪኩ እንዲህ አይቆራርጥም!»

«ወላሂ ግሪኩ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን አሳጥበው!»

እንዲህ ሲባባሉ የኢሻ አዛን ይላል። አዴር ለሶላት ይነሣል፣ እኛ ለእራት እንጠራለን። በማግስቱ ካቆመበት እንዲቀጥል ብንለምነው «ተረት ከወገቡ አይጀመርም» ብሎ እንደገና ከግመሏ ይነሣል። ግመሏ ትበላለች፣ ቃጭሉ ይጠለቃል፣ ወንዙ ይታለፋል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ኡኡኡኡ!

ክርክር የማይነሣበት ፉጨት አንድ ብቻ ነበር፤ የአባዬ። ያቺን ጅራት ሲሰሙ ሁለቱም እኩል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «ተፈራ ነው» ይላሉ፣ አለቀ። አሁን ንዴቴን ተመልከቱልኝ፤ ክርክር ከሌለ ለተረቱ ጊዜ አለ፤ ጊዜ ያለ ቀን ግን እኔ የለሁም፣ ቦኖ ላይ ነኝ! አዴር ራሱ፣ በሱማሌኛ አንቺ ልጅ እንደማለት፣ «ናያ ትርፌ፣ አባትሽ ነው፤ ሩጪ!» ብሎ ያስነሣኛል። እሮጣለሁ። ባልዲዬ እስኪሞላ አለቅሳለሁ፤ አባዬ ከገባ ደግሞ ወደ አዴር ደጃፍ መመለስ የለም። አንዴማ አባዬን እግሩ ላይ ተጠምጥሜ፣ «አዴር ሳይጨርስ አትንፋ፣ ሽኒሌ ላይ ትንሽ ቆይልኝ» ብዬ ለምኜዋለሁ። «ባቡር ለተረት አይቆምም፣ ልጄ» አለና ሳቀብኝ።

በማግስቱ ደግሞ ፋጡማ ትጠብቀኛለች። ፋጡማ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አባቷ መጋላ፣ የገበያው ሰፈር ውስጥ፣ ጨርቅ ይሸጣል።

«ትናንት ጨረሰው» ትለኛለች ከንፈሯን እየላሰች። «ወይኔ፣ መጨረሻው ሲያምር!»

«ንገሪኝ! እጇ ምን ነካ?»

«በቀን ተረት አይነገርም። ከብት ይጠፋል።»

«አባትሽ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ምን ከብት አለው?»

«ሊገዛ ነው!»

ሐልዋዬን ሰጠኋት። በላች፣ ጣቷን ጠረገች፣ «ማታ እነግርሻለሁ» አለች። ማታ ደግሞ «አዴር እያለ እኔ ምን አግብቶኝ» አለች። ሌሎቹን ልጆች ስጠይቃቸው እሷን እያዩ ይስቃሉ። ከእኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት አዴር እጁን ሲዘረጋ ፉጨቷ መጣች፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ጅራት። እኔ ብድግ ስል ጋሽ ወልዴ በዚህች ፉጨት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ጅራቷ አጥራለች» አሉ።

«ጆሮህ ነው ያጠረው» አለ አዴር። «ወላሂ፣ ወላሂ ተፈራ ነው! ናያ፣ ሩጪ!»

ሮጥኩ። ውሃው ተቀዳ፣ ተጣደ፣ ሞቀ። አባዬ የለም። ውሃው በረደ፣ እማዬ እንደገና ጣደችው። ከባቡሩ የወረደ ሰው ሁሉ በደጃችን አልፎ ቤቱ ገብቷል። እማዬ መጀመሪያ ፈራች፣ ወድቆ ይሆን ብላ፤ ቀጥሎ ሐሳቧ ወደ ሌላ ዞረ፣ መጋላ ውስጥ ሌላ ውሃ የሚሞቅለት ቤት ይኖር ይሆን ብላ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ጎትታ አዴር ደጃፍ ደረሰች።

ልጆቹ ክብ እንደሠሩ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አዴር ሻዩን እፍ እፍ እያለ ነበር፤ እኔን ሲያይ ፊቱ በራ፣ «መጣሽ?» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያኔ እኔ ልብ አላልኩትም። ፋጡማ ደግሞ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አሁን ገና መጨረሱ ነው!» አለችኝ።

«ሮብሌ፣ የሰማኸው የማንን ነው?» አለች እማዬ።

«የተፈራን።»

«ታዲያ ተፈራ የታለ?»

ጋሽ ወልዴ ዱካቸው ላይ ተመቻችተው «ጅራቷ አጥራለች ብያለሁ» አሉ፤ ይህቺን ቃል ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታ አደረጓት።

አባዬ የመጣው በማግስቱ ነው፣ ከራሱ እስከ እግሩ ጥላሸት። ባቡሩ አዲጋላ ጣቢያ ላይ ተበላሽቶበት እዚያው አድሯል። ሌላ ባቡር ሲያልፈው ወጣቱን ነጂ «ሚስቴ እንዳትሰጋ፣ ድሬ ስትደርስ በእኔ አሳሳብ ንፋላት» ብሎ ለምኖት ኖሯል። ለደግ ነው እኮ! እሱ እስኪመጣ ድምፁን ማስቀደሙ ነው! እማዬ ይህን ስትሰማ የበረደውን ውሃ አነሣች።

«ድምፅህ ትናንት መጥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ተኝቷል» አለችው። «ለአንተ የተረፈ የለም።»

ደጅ ደፋችው። እኔ ተረቴን ጥዬ የቀዳሁትን ውሃ!

ሰፈሩ በዚህ ሲስቅ ከረመ። አዴር ሮብሌ ግን አልሳቀም። በፈጣሪ ስም ምሎ ተሳስቷልና ጾመ። ከዚያ ወዲያ ፉጨት ሲመጣ ጣቱን አያነሣም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔ በሆዴ እልል አልኩ፤ በቃ፣ ከእንግዲህ የሚያቋርጠው የለም! አይ ትርፌ! ሰሌን ማንጠፉንም ተወው። ብንለምነው፣ ብንለምነው፣ «እኔም እንደዚያች ልጅ ቃጭል ሰምቼ ጅብ ተከተልኩ፤ ምን አፍ ኖሮኝ ነው የምተርተው?» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ጅቡቲ ያለው ልጁ ሊወስደው መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኘው ጣቢያ ወጣ፤ ባቡሩን የሚነዳው አባዬ ነበር። አዴርን መስኮት አጠገብ አስቀመጡት። እኔ በሰው እግር መሃል ተሹለክልኬ መስኮቱ ሥር ደረስኩና ባለ በሌለ ድምፄ «አዴር! እጇን ዘረጋች፣ ከዚያስ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። በመስኮቱ ጎንበስ አለ፣ ረጅም ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ፣ ጀመረ።

አባዬ ነፋ!

አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ከዚያ ያቺ የተረገመች ጅራት። የአዴር ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ጣቶቹ ይጨበጣሉ ይፈታሉ፣ ዓይኑ ይፈጣል፤ እኔ አንዲት ቃል አልሰማም። ጅራቷ ስታልቅ እሱም ጨርሷል፣ ባቡሩም ተንቀሳቅሷል። ዞር ስል ፋጡማ ከኋላዬ ቆማለች፤ ክፉኛ ገላመጠችኝና ፊቷን አዞረች። ያኔ ስንብቱ አስከፍቷት መስሎኝ ነበር።

አዴር ሮብሌ በዚያው ቀረ። ቆይቶ የናፍጣው ባቡር መጣ፤ ጡሩምባው ማንም ይንፋው ማን እንደ በሬ ያገሳል፣ እማዬም አባዬ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ውሃ አትጥድም፣ ጋሽ ወልዴም ዱካቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ሁሉ ምን ቀረልኝ ስል አንድ የተዘረጋ እጅ ነው። የወንድሜ ልጆች ማታ ሲከቡኝ ተረቱን እነግራቸዋለሁ፤ ቆ ቆ ቆ እላለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ከዚያ እቆማለሁ። «አክስቴ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። «ባቡሩ ጮኸ» እላለሁ። «የምን ባቡር!» ብለው ይናደዳሉ። ይናደዱ! እኔስ? መጨረሻ ልፈጥርላቸው ሞክሬያለሁ፤ የፈጠርኩት ሁሉ ግን አፌ ላይ ውሸት ውሸት ይለኛል። እውነተኛው ጣቢያው ላይ፣ በአባዬ ፉጨት ሥር ተቀብሮ ያለ ይመስለኛል፤ አሁንም በዚያ ሳልፍ እግሬ ይቆማል።

በቅርቡ መጋላ ጨርቅ ልገዛ ገብቼ ፋጡማን የአባቷ ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። እንደ እኔው ወፍራለች። ተቃቅፈን ተሳሳቅን፣ ሻይ አስመጣች፣ እኔም ጣቃዎቹ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩና፣ «አንቺ ክፉ፣ ሐልዋዬን በልተሽ ያስቀረሽብኝን መጨረሻ ዛሬ ሳትነግሪኝ አልነሣም፤ ቀን ነው እንዳትዪኝ፣ ከብት እንደሌለሽ አውቃለሁ!» አልኳት። ፋጡማ አፏን ከፍታ አየችኝ። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለች፤

«እኔ መቼ ሰማሁትና! አንቺ በሮጥሽ ቁጥር እኮ ‹ትርፌ የአባቷን ውሃ ቀድታ ሳትመለስ አይቀጥልም› እያለ፣ ሻዩን እየጠጣ ይጠብቅሽ ነበር፤ ባንቺ ምክንያት ሳንሰማ ስንቀር ተናድጄ ነው ሰማሁ የምልሽ። በመስኮት ለአንቺ ብቻ የነገረሽ ቀንማ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በይ አሁን ንገሪኝ፣ አቦ ትርፌ፣ ሽበት አወጣን፤ ልጅቷ እጇን ዘርግታ ምን ያዘች?»